ሚሼል ኳንን ያስቆማት ዳሌዋ ነው እንጂ የነጥብ አሰጣጡ አይደለም

ሰሞኑን በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሚወዳደሩበት በፊገር ስኬቲንግ ስሟ ስለገነነው ስለ አሜሪካዊቷ ሚሼል ኳን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰው ለሰው ሲቀባበለው እኔም ጋ ደረሰ። ቋንቋው ጥሩ ነው፤ ይነበባል። ሐሳቡ ላይ ግን አልስማማም። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። ፊገር ስኬቲንግ ጣሪያው 6.0 የነበረውን የድሮውን ነጥብ አሰጣጥ ጥሎ አዲሱን ስሌት ሲያመጣ የአንጋፋዋ ሚሼል ነገር ያን ቀን አበቃለት። አዲሱ ስሌት የተሠራው ለሚዘሉ ልጆች ነው። ሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ተፈተነች፤ አልቻለችም። ከ2006ቱ የቶሪኖ ኦሊምፒክ ደግሞ ጉዳት ብላ ሸሸች። ብትቀጥልም ቦታ አልነበራትም። የድሮው አሠራር ፍትሐዊ ነበር፤ ሰውም ይገባው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነት ያለው ጥቂት ነው። አንድ በአንድ ልሂድበት። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስፖርቱን ለማትከታተሉ፣ ሚሼል በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተወለደች፣ 5 ጊዜ የዓለም፣ 9 ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ ሻምፒዮን የሆነች ሴት ናት። በ1998 ናጋኖ ኦሊምፒክ ብር፣ በ2002 ሶልት ሌክ ነሐስ አግኝታለች። የኦሊምፒክ ወርቅ የላትም። በትልልቅ ውድድሮች 57 ጊዜ ሙሉውን 6.0 ተሰጥቷታል። ጸሐፊውም ክርክራቸውን ያቆሙት በዚህች ቁጥር ላይ ነው፤ 6.0 ያነገሣት ሴት 6.0 ሲቀር አብራ ትቀራለች ባይ ናቸው። ሲሰሙት ያሳምናል። ግን 6.0 ምን እንደነበር ቀረብ ብለን እንየው።

በድሮው አሠራር 9 ዳኞች ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ዳኛ ሁለት ነጥብ ይሰጣል፤ አንዱ ለቴክኒክ፣ አንዱ ለአቀራረብ። ተመልካች በቴሌቪዥን የሚያየው 5.8፣ 5.9 የሚለውን ነው። ውጤቱን የሚወስነው ግን ዳኛው ማንን አንደኛ፣ ማንን ሁለተኛ አደረገ የሚለው ነበር። ቁጥሩ ሰልፍ ማስያዣ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድማ ለወጣች ልጅ ጣሪያውን መስጠት ያስፈራል። ከኋላ የምትመጣው ብትበልጥስ? ከ6.0 በላይ የለም። ዳኛው የግድ ቦታ ማስተረፍ ነበረበት።

ናጋኖ ላይ ከመጨረሻው ምድብ በእጣ ቀድማ የወጣችው ሚሼል ነበረች። ውድድሩ አጭርና ረጅም የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች አሉት፤ ረጅሙን ሳትወድቅ ጨረሰች። ለአቀራረብ 9ኙም ዳኞች 5.9 ሰጧት፤ ዘጠኙም፣ አንድም ሳይለይ። ለቴክኒክ ግን 5.7 እና 5.8 ነው ያየነው። ከዚያ የ15 ዓመቷ ታራ ሊፒንስኪ ወጣች፣ የከበዱ ዝላዮቿን አከታትላ ዘለለች፣ ከ9ኙ ዳኞች 6ቱ እሷን አንደኛ አደረጉ። ወርቁ ለታራ አይገባትም አልልም። ይገባታል። ግን ያ 5.7፣ ሚሼል መጨረሻ ብትወጣ ኖሮ ያው 5.7 ይሆን ነበር ወይ? ጥያቄው በእጣ የተነሣ መምጣቱ ራሱ ስለ አሠራሩ ብዙ ይናገራል።

ሶልት ሌክ ደግሞ ይብሳል። እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ትንሽ ሒሳብ አለ። የአጭሩ ፕሮግራም ደረጃ በግማሽ ይባዛል፣ የረጅሙ ደረጃ እንዳለ ይያዛል፣ ይደመራል፤ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ሚሼል በአጭሩ አንደኛ ነበረች፤ 0.5። ሳራ ሂዩዝ አራተኛ ነበረች፤ 2። በረጅሙ ሳራ ድንቅ ሆና ዋለች፤ ሚሼል ደግሞ በፍሊፕ ዝላይ ወደቀች። መጨረሻ የምትወጣው ኢሪና ስሉትስካያ ብቻ ስትቀር ሳራ በረጅሙ አንደኛ፣ ሚሼል ሁለተኛ ነበሩ። ድምሩ ሳራ 3፣ ሚሼል 2.5። ሚሼል ትመራለች ማለት ነው። ከዚያ ኢሪና ወጣች፣ በረጅሙ በሁለቱ መሃል ገባች፣ ሚሼልን ወደ ሦስተኛ ገፋቻት። የሚሼል ድምር 3.5 ሆነ። ሳራና ኢሪና 3 ለ3 ሲሆኑ ረጅሙን ያሸነፈችው ትቅደም ተባለ፤ ሳራ ወርቁን ወሰደች።

ልብ በሉ። ሳራም ሚሼልም ጨርሰው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ምንም አልጨመሩ፣ ምንም አልቀነሱ። ሦስተኛ ሰው ስለተወዳደረች ብቻ የሁለቱ ቅደም ተከተል ተገለበጠ። ጸሐፊው «ፍትሐዊ ነበር፣ ሰውም ይገባው ነበር» የሚሉት ይህን ነው። ኧረ ለማን ነው የገባው? ነጥብ እየደመሩ በሚሄዱበት በአዲሱ ስሌት ይህ ሊሆን አይችልም። የሌላ ሰው ፕሮግራም የአንቺን ነጥብ አይነካውም።

6.0 ለሚሼል የ57 ጊዜ ጭብጨባ ሰጥቷታል፤ እሺ። ሁለት ኦሊምፒክ ላይ ሲደርስ ግን እንዳሰቡት ወዳጇ አልነበረም።

አዲሱ ስሌት የመጣበትን ምክንያት ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘለውታል። እኔም አልቆይበትም። እዚያው ሶልት ሌክ ላይ በጥንዶች ውድድር ፈረንሳዊቷ ዳኛ ማሪ ሬን ለ ጉኝ ጫና ተደርጎብኝ ነው ለሩሲያውያኑ የሰጠሁት አለች፤ በኋላ ደግሞ ቃሏን መለሰች። ዓለም ጉድ አለ፤ ለካናዳውያኑ ጄሚ ሳሌና ዴቪድ ፔልቲዬ ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ። የዓለም ስኬቲንግ ኅብረት ከዚያ በኋላ በድሮው መቀጠል አልቻለም። በ2003 መኸር አዲሱን ስሌት ግራንድ ፕሪ በሚባሉት፣ በየመኸሩ በሚካሄዱት ዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ ሞከረው፣ በ2004 አጸደቀው። ይህቺን 2003 ያዟት፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ክስ። «አዲሱ ስሌት ዝላይ ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ውበት አይቆጥርም።»

አይደለም። እያንዳንዱ ዝላይ፣ እሽክርክሪትና የእግር ሥራ መነሻ ዋጋ አለው። በዚያን ጊዜ ባለ ሦስት ዙር ከሆኑት ዝላዮች ሉትዝ የሚባለው 6 ነጥብ፣ ፍሊፑ 5.5፣ ቶ ሉፑ 4 ነበር። ዳኛው ደግሞ እንዴት አድርጋ ሠራችው ብሎ እስከ 3 ደረጃ ይጨምር ወይም ይቀንስ ነበር። ከዚህ ሌላ አምስት የፕሮግራም ነጥቦች ነበሩ፤ አነሸራተት፣ መሸጋገሪያ፣ አፈጻጸም፣ ቅንብር፣ ሙዚቃውን መተርጎም። እያንዳንዳቸው ከ10 ነበሩ። በሴቶች ረጅም ፕሮግራም አምስቱ ተደምረው በ1.6 ይባዙ ነበር። እስከ 80 ነጥብ ማለት ነው። ይኼ ሁሉ ለዝላይ የሚሰጥ አይደለም፤ ሚሼል ለዓመታት ሰው ያስጨበጨበችበት ነገር ነው።

ስፓይራሏን እንኳ ውሰዱ። አንዱን እግር ወደ ኋላ ከጭንቅላት በላይ አንስታ በሌላው እግር ረጅም ቅስት እየሠራች ትሄዳለች፤ መሃል ላይ እግሩ ሳይወርድ፣ ሰውነቷ ሳይነቃነቅ፣ ከጫማው ስለት አንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ትገለብጠዋለች። ቅስቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታጠፋል፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም የተፈጠረ አይመስልም። ጸሐፊው ይህንን «አዲሱ ስሌት የረሳው ውበት» ብለውታል። የዚያን ጊዜው ደንብ ለስፓይራል ደረጃ ነበረው፤ ቅርጹን እንደያዙ ጠርዝ መቀየር ደግሞ ደረጃውን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነበር። እሷ ከደንቡ ዓመታት ቀድማ ስትሠራው የነበረውን ነገር ነው ደንቡ በነጥብ የጻፈው።

ሞስኮ እንግዲህ። የመጋቢት 2005 የዓለም ሻምፒዮና ነው። ስሉትስካያ ወርቅ፣ ሳሻ ኮኸን ብር፣ ጣሊያናዊቷ ካሮሊና ኮስትነር ነሐስ። ሚሼል አራተኛ። ከ1995 ወዲህ ከዓለም ሻምፒዮና መድረክ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው፤ ስለዚህ ዜናው ትልቅ ሆነ። ጸሐፊው ያልጠቀሱት ግን ልዩነቱን ነው። 0.37 ነጥብ።

0.37 ምን ያህል ናት? በሉትዝና በፍሊፕ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብቻ ግማሽ ነጥብ ነው። ከአምስቱ የፕሮግራም ነጥቦች አንዷ ብቻ፣ በአማካይ በሩብ ከፍ ብትል፣ በ1.6 ተባዝታ 0.40 ትሆናለች። ነሐሱ እጇ ገባ ማለት ነው። ለዚያውም ሚሼል ያን ሳምንት እንከን አልባ አልነበረችም። ይህንን አይቶ «ስሌቱ ዘመኗን ዘጋው» ማለት ከየት ይመጣል? እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በማታውቀው ስሌት፣ በመካከለኛ ቀኗ፣ ከዓለም ሦስተኛ ለመሆን በፀጉር ስፋት የቀራት ሴት ነው ያየሁት።

«በማታውቀው» ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ሞስኮ በአዲሱ ስሌት የተወዳደረችበት የመጀመሪያ ውድድር ነው። የመጀመሪያ! ያቺ 2003 እዚህ ትመጣለች። ኮኸን ከዚያ መኸር ጀምሮ፣ ስሉትስካያም ቀጥላ በግራንድ ፕሪ እየገቡ የቴክኒክ ባለሙያው የትኛውን እሽክርክሪት በየትኛው ደረጃ እንደሚቆጥር፣ ምኑ እንደሚጥል፣ ምኑ እንደሚያነሣ ከውጤት ወረቀታቸው ላይ ሲያነቡ፣ ሚሼል እነዚያን ሁለት ዓመታት ግራንድ ፕሪ አልገባችም፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብሔራዊ ሻምፒዮናው እስከ 2005 በድሮው 6.0 ነበር፤ 9ኛ ዋንጫዋን ፖርትላንድ ላይ ያነሣችው በእሱ ነው። ጸሐፊው መተቸት ከፈለጉ ይኼ ነበር ቦታው። እኔም እተቻለሁ። ፈተናው ተለውጧል እየተባለ በድሮው ደብተር ማጥናት የእሷና የቡድኗ ውሳኔ ነው፤ የስሌቱ ጥፋት አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይህ ነው።

«ስሌቱ ለሕፃናት የተሠራ ነው» የሚለውማ ቁጥሩን ገልጦ ያላየ ሰው ክርክር ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት የ6.0 ኦሊምፒኮች የሴቶች ወርቅ የወሰዱት ኦክሳና ባዩል በ16፣ ታራ ሊፒንስኪ በ15፣ ሳራ ሂዩዝ በ16 ዓመታቸው ነው። በአዲሱ ስሌት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ቶሪኖ ላይ ወርቁን የወሰደችው ጃፓናዊቷ ሺዙካ አራካዋ 24 ዓመቷ ነበር። ነሐሱን የወሰደችው ስሉትስካያ 27። ስሉትስካያ እኮ ከሚሼል በአንድ ዓመት ትበልጣለች! ከባድ ሕመም አሟት በ2004 የዓለም ሻምፒዮና 9ኛ የወጣች ሴት፣ በዓመቱ በአዲሱ ስሌት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። አራካዋ ደግሞ ወገቧን ወደ ኋላ ለጥጣ የምትንሸራተተውን ያቺን ኢና ባወር የምትባል እንቅስቃሴ፣ ለብቻዋ ዋጋ እንደሌላት እያወቀች ፕሮግራሟ ውስጥ ተወቻት። አዳራሹ በዚያች ነው ያበደው።

አንድ ነገር ግን ልቀበላቸው። ስሌቱ በኋላ ላይ ወደ ልጆች ማድላቱ እውነት ነው። በፕሮግራሙ ሁለተኛ አጋማሽ ለሚዘለል ዝላይ 10 በመቶ ይጨመር ነበር፤ በ2018 ኦሊምፒክ ሩሲያዊቷ አሊና ዛጊቶቫ ዝላዮቿን በሙሉ ወደ ኋላ አከማችታ በ15 ዓመቷ ወርቅ ወሰደች። ባለ አራት ዙር ዝላይ የሚሠሩ ሴት ልጆችም መጡ። ኅብረቱ በ2018 ጭማሪውን ለጥቂት ዝላዮች ብቻ አደረገው፣ በ2022 ደግሞ የአዋቂዎች ውድድር ዝቅተኛ ዕድሜ ወደ 17 እንዲያድግ ወሰነ። ይህ ሁሉ ግን ሚሼል ከቆመች ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነው። የ2018ን ችግር የ2005 ሰው ላይ መጫን አይሆንም።

ጸሐፊው የረሱትን አንድ እውነተኛ ጥፋት እኔ ልጨምርላቸው፤ በአዲሱ ስሌት ዳኛው ከሰጠው ነጥብ ጋር እንዳይገናኝ ተደበቀ። የትኛው ዳኛ የትኛውን ነጥብ እንደሰጠ ሕዝቡ እንዳያውቅ ተደረገ፤ የቀረው እስከ 2016 ቆይቶ ነው። ሙስናን ለማጥፋት ብሎ ዳኛን መሸፈን! ይህንን ቢጽፉ አብሬ እጮህ ነበር። ደረጃ ለመሰብሰብ ሲባል ሁሉም ሰው ጫማውን ይዞ ጭንቅላቱ ላይ መጎተት መጀመሩም እውነት ነው፤ ለዓይን ያስቀየመ ዘመን ነበር፣ ለደከመ ወገብም አይሆንም።

በጣም ያናደደኝ ግን ስለ ቶሪኖ የጻፉት ነው። «ጉዳት ብላ ሸሸች።» እንዴ!

በ2005 መኸር ዳሌዋን አሟት ከውድድር ቀረች። ቀጥሎ ብሽሽቷ ተጎዳ፤ በጥር 2006 ከአሜሪካ ሻምፒዮና ወጣች። ቶሪኖ ልሂድ ብላ ለፌዴሬሽኑ አመልክታ፣ ብቃቷን በዓይናችን እንይ ተባለ። ቤተሰቧ አርቴዥያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የበረዶ ሜዳ ላይ አምስት ሰዎች ተቀመጡ፤ ጥር 27 ሁለቱንም ፕሮግራም ለእነሱ ብቻ አሳየች። ስንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ሴት እንደ ጀማሪ ተፈትና ማለፏ ነው። መሸሽ የሚፈልግ ሰው ይህን ያደርጋል?

የካቲት 10 የቶሪኖ መክፈቻ ላይ ተገኘች። (ያ ምሽት ለኛም ታሪክ አለው፤ ሮቤል ተክለማርያም የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክረምት ኦሊምፒክ የገባው ያኔ ነው። የጣሊያንን ባንዲራ የያዘችው ደግሞ ያቺው ኮስትነር ነበረች።) በማግሥቱ ልምምድ ላይ ፍሊፑን ስትሞክር ወደቀች፤ ልምምዱን አቋርጣ ወጣች። የካቲት 12 በቃኝ አለች። ቦታዋን ለሳራ ታናሽ እህት ለኤሚሊ ሂዩዝ ለቀቀች። ነሐሴ ላይ በተቀደደው የቀኝ ዳሌዋ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የተቀደደ ዳሌ እኮ ነው። በዚህ ላይ ስለ ስሌት ፍርሃት ማውራት ነውር ነው።

«ብትቀጥልም ቦታ አልነበራትም» ለሚለው መልሱን ኮስትነር ትስጥ። ሞስኮ ላይ ሚሼልን በ0.37 ስታልፋት 18 ዓመቷ ነበር። በጸሐፊው ስሌት የዘመኑ ልጅ እሷ መሆን ነበረባት። በዓመቱ በአገሯ ቶሪኖ ላይ ግን 9ኛ ወጣች። ከፍ ያለችው ቆይታ ነው። የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በ2012 በ25 ዓመቷ፤ የኦሊምፒክ ነሐስ ያገኘችው በ2014 ሶቺ በ27ቷ፤ በ31 ዓመቷ ፒዮንግቻንግ ላይ 5ኛ ሆናለች። የያዛት ምን ይመስላችኋል? አነሸራተቷ፣ ፍጥነቷ፣ ሙዚቃውን የምትይዝበት መንገድ፤ ማለትም እነዚያ የፕሮግራም ነጥቦች። ዲያና ስቴላቶ ዱዴክ ደግሞ በልጅነቷ ዳሌዋ አቁሟት፣ 16 ዓመት ያህል ቆይታ ተመልሳ፣ በ2024 ሞንትሪያል ላይ ከማክሲም ዴሻም ጋር በጥንዶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ40 ዓመቷ። ጥንድ ከነጠላ ይለያል፣ አውቃለሁ፤ ግን ስሌቱ አንድ ነው።

ሚሼል በ2010ሩ የቫንኩቨር ኦሊምፒክ ወርቁን የወሰደችውን ደቡብ ኮሪያዊቷን ዩና ኪምን ትረታ ነበር አልልም። 29 ዓመቷ ነበር፤ ኪም ደግሞ ሌላ ዓለም ላይ ነበረች። እኔ የምለው፣ ጤነኛ ዳሌ ቢኖራትና አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት በአዲሱ ስሌት ብትሠራ በ2006 መድረኩ ላይ ለመውጣት በቂ ነገር ነበራት። ለሞስኮዋ 0.37 ከዚህ የተሻለ ትርጉም ካለ ይነገረኝ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የጨረሱት «ዛሬ ለሚሼል ዓይነት ስኬተር ምንም ቦታ የለም» ብለው ነው። ጃፓናዊቷ ካኦሪ ሳካሞቶ በ2022፣ በ2023 እና በ2024 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በሴቶች ከፔጊ ፍሌሚንግ የ1960ዎቹ ድል ወዲህ ያልተደረገ ነው። ባለ አራት ዙር ዝላይ አልነበራትም፤ አክሰል የሚባለው ከባድ ዝላይም በባለ ሦስት ዙሩ አልነበራትም። ስለ እሷ በጽሑፉ አንድ መስመር እንኳ አላየሁም። በሚቀጥለው ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።